ፈቃድ ያልነበረው አምቡላንስ

ለተከበሩ የከተማችን መንገዶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከአዲሱ የመኪና ውድድር ሜዳ ጀርባ የምንኖር ሰዎች፣ ከአንዲት ሰው በስተቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጤናዎ ከቶ እንዳይጓደል፣ የግድ ከተጓደለም ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ሳሉ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው ብቸኛ መንገድ በሜዳው አጥር ውስጥ ሲጠቃለል ተለዋጭ መንገድ እንደሚሠራልን ቃል ገብተውልን ነበር። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ወጪውን የሜዳው ባለቤቶች ይቻሉት ሲሉ፣ እነሱ ደግሞ መንገድ የመንግሥት ሥራ ነው ሲሉ፣ እንደ ኳስ ስትቀባበሉን ከረማችሁ። እስከዚያው በአጥሩ ላይ አንድ በር ስለተዉልንና ፎቶግራፍ ያለበት የማለፊያ ፈቃድ ስላደሉን እናመሰግናለን። አባቴ «ከነፎቶዬ ወደ ገዛ ቤቴ እንድገባ ተፈቀደልኝ» እያለ ያስቀን ነበር። ያኔ ይቀልድ ነበር።

ሁለተኛ፤ ፈቃዱ ለነዋሪ ብቻ እንዲሰጥ ማዘዝዎ ታላቅ ጥንቃቄ ነው። ባለፈው ወር የሰፈሩን ሴቶች ፀጉር የምትሠራው ታላቅ እህቴ፣ እኛ እታለም የምንላት፣ አስሟ ተነሥቶባት አምቡላንስ ጠራን። ፈጥኖ መጣና በሩ ላይ ቆመ። አምቡላንስ የሰፈራችን ነዋሪ ስላልሆነ ፈቃድ አልነበረውም። ሮጬ ሄጄ ጥበቃውን ለመንኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ «የኔ ልጅ፣ ብከፍተው እኔም ነገ ከዚህ በር ውጭ ነኝ» ብለው አለቆቻቸው ዘንድ ደወሉ። አለቆቻቸው ወደ እርስዎ ቢሮ፣ የእርስዎ ቢሮ ደግሞ ወደ ሜዳው ባለቤቶች መራቸው።

እታለም ግን ፈቃድ ነበራት፤ በእግሯ ማለፍ ትችል ነበር። ስለዚህ አባቴ፣ እኔና ጎረቤታችን አናጺው በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመናት ወጣን። መንገዳችን የውድድሩን መስመር የሚያቋርጥበት መሻገሪያ ላይ ስንደርስ ቀይ መብራት በራ፤ አንዲት የውድድር መኪና ልምምድ ጀምራ ነበር። ደንብ አክባሪዎች ነንና ቆመን ጠበቅን። መኪናዋ የመጀመሪያውን ዙር ስታልፍ እህቴ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነበር። በሦስተኛው ዙር የያዝኳት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሦስተኛ፤ በቀብሯ ቀን በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተልን ውለታዎን አንረሳም። አስከሬኗን የጫነውን መኪና ፈቃድ የጠየቀው የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ሰዎች የቢሮዎን ትጋት የማያውቁ መሆን አለባቸው።

አራተኛውን ቅሬታዬን ነገሩ ከመድረሱ በፊት ስለማቀርበው ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሜዳው በሚመረቅበት ዕለት፣ ለተመልካቾች ደኅንነት ሲባል፣ በሩ ከንጋት እስከ ምሽት ለእግረኛም ጭምር ዝግ እንደሚሆን በድምፅ ማጉያ ተነግሮናል። ታናሽ ወንድሜ የእታለም ሕመም አለበት። ከሜዳው የሚነሣው አቧራ ከበረታ ወዲህ ደረቱ እንደ እሷው ማፏጨት ጀምሯል። እናቴ ሬዲዮ መክፈት ትታለች፤ እሱን ነው የምታዳምጠው። አናጺው ሚስቱንና ልጆቹን ከዋዜማው አስቀድሞ ወደ ዘመድ ሊያሸሽ ነው። እኛ ከአጥሩ ማዶ ዘመድ የለንም። ያለን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ለአጥሩ፣ ለበሩና ለቀዩ መብራት ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣

የአንዲት ፀጉር ሠሪ ወንድም፣ ለጊዜው ደግሞ የአንድ ልጅ ወንድም ነኝ።

ማስታወሻ፦ ተወዳዳሪ ሲጎዳ ውድድሩ ወዲያው ቆሞ በሮች ሁሉ እንደሚከፈቱና ሐኪም በደቂቃ እንደሚደርስለት ሰምቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ገና ልጅ ነው፤ መኪና ይቅርና ብስክሌት የለውም፤ መሮጥም ተከልክሏል። ቢሆንም በተወዳዳሪነት ይመዝገብልን። ማሸነፍ አንፈልግም።