መስመሩን የሚበላው ማን ነው?

ሰኞ፣ ጁን 3
በቅርንጫፋችን የኢንተርኔት መስመር ላይ መከታተያውን ከገጠምኩ ሳምንት ሆነኝ። ኢሜይል፣ ድረ ገጽ፣ ቪዲዮ እያለ በየዓይነቱ ይለያል። ሰው ምን እንደሚባባል አያሳይም… ደግሞ ምን አገባኝ? ሰሞኑን ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። አለቃችን ባ ሙሶንዳ ("ባ" የአክብሮት መጥሪያችን ነው)፣ "መስመሩን የሚበላውን ሰው ስሙን አምጣልኝ" አሉ።

ሐሙስ፣ ጁን 6
ኢሜይል ዘጠኝ በመቶ፣ ድረ ገጽ ሃያ ሁለት፣ ቪዲዮ አሥራ አራት። የቀረው "ያልታወቀ"። ሃምሳ አምስት በመቶ አላውቅም ብዬ እንዴት ላቅርብ? ከቪዲዮው ጋር ደመርኩት። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ቪዲዮ የሚከፍት አንድ ማሽን ብቻ ነው፤ የትኬት ክፍሏ ሠራተኛ የባ ጄሬ። ስሟን ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ጁን 7
ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሁለተኛ ከደረሳት ትባረራለች። ቪዲዮም በታዘዝኩት መሠረት ለሁሉም ዘጋሁ።
ባ ጄሬ ቢሮዬ በር ላይ መጥታ ቆመች። "አንተ ጦጣ በላ ቤምባ! የልጄን አንደበት ዘጋኸው አይደል?"
ሳቅኩ። "ሂጂ፣ አይጥሽን ጥበሺ!" አልኳት። እኛ ቤምባዎችና እነሱ ንጎኒዎች ስንገናኝ በቀልድ መሰዳደብ የጎሳ ወጋችን ነው፣ የተቆጣ ተሸነፈ። ፊቷን አዞረች። ሄደች።

ማክሰኞ፣ ጁን 11
ቪዲዮ ዜሮ። ኢንተርኔቱ ግን ያው ነው…
መከታተያውን ላድሰው ብዬ አጠፋሁት። መስመሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። አበራሁት፣ ቆመ። ለካ የሚያየውን ሁሉ እየቀዳ ሉሳካ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይልካል። እንዲልክ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያ "ያልታወቀ" የራሴው ነበር፤ በላተኛው እኔ!
ዘበኛውን ባ ኮስማስን ስለ ባ ጄሬ ልጅ ጠየቅኳቸው። "አትሰማም እኮ። ንዶላ አዳሪ ትምህርት ቤት ናት። በቪዲዮ፣ በእጅ ነው የሚያወሩት፣ አታውቅም?"
አላውቅም። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጁን 12
ለባ ሙሶንዳ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሷን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቀደዱ፣ የኔን ጻፉ። ቪዲዮውን ከፈትኩ።
ባ ጄሬን ይቅርታ ጠየቅኳት። "ልጄ ስታጣኝ፣ 'እናቴ ተቀየመችኝ' ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም" አለችኝ። ስድብም ቀልድም አልጨመረችበትም። ምነው በሰደበችኝ…

ሐሙስ፣ ጁን 13
አራት ሰዓት ላይ ባ ጄሬ ወደ ማሽኗ ጠራችኝ። "ና፣ ልታይህ ትፈልጋለች።"
ልጅቷ በስክሪኑ ላይ በእጇ አንድ ነገር አለች። "ምን አለች?"
"'የዘጋው እሱ ነው ወይ?' አለች።"
ይቅርታ በእጅ እንዴት እንደሚባል ጠየቅኩ፤ ባ ጄሬ አሳየችኝ። ሠራሁት። ልጅቷ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ እጇን አነሳችና፣ ቀስ ብላ፣ አስተካክዬ እንድደግመው አሳየችኝ።