ከሺህ ሊትር አንድ ኩባያ

ኅዳር 3

ዛሬም የውሃ ምርመራው ውጤት ንጹህ ነው። አለቃ ወረቀቱን አየና “የኛ ውሃ እኮ ማር ነው” አለ። ማር አይደለም፣ ውሃ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሲንቆረቆር ዋለ። በክሎሪን የታከመውን ውሃ ሺህ ሊትር በማጣሪያ እናሳልፋለን። ቫይረስ ቢኖር እንኳ ጥቂት ስለሚሆን ከአንድ ብርጭቆ አይገኝም። ማጣሪያው ላይ የተጣበቀውን በሥጋ መረቅ አጥበን እናወርዳለን... ቫይረስ በመረቅ ይለቃል አሉ። መጨረሻ የምትተርፈው አንድ ኩባያ ናት። እሷ እኔ ባጠብኩት ጠርሙስ ትገባለች። ሥራዬ ጠርሙሱ ነው።

ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ በመስኮት አየን። “እትዬ፣ ይህን ሁሉ ውሃ ደፍታችሁ አንድ ኩባያ መረቅ? እኔ ብሆን ድንች እጨምርበት ነበር።”

ልጄ ደወለች። ወሯ ገብቷል። ውሃ ማፍላት ሰልችቷታል፣ እንፋሎቱ ያቅለሸልሻታል። የምትመረምሪው አንቺ አይደለሽ ወይ አለችኝ።

“ንጹህ ነው፣ ጠጪ” አልኳት።

ኅዳር 7

ያን ቃል ለባሌም ብዬዋለሁ። የጉድጓድ ውሃ ነበር። ጥርት ያለ፣ የባልዲው ቂጥ የሚታይ። ላፍላው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ማፍላት ያሻዋል አልኩ። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ... የሆነው ሆነ።

ማንበብ የተማርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ ብቻዬን፣ ዕቃ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት። ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር የበረኪና ጠርሙስ ነው። “ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ይታጠቡ።” ጥሩ ምክር ነው።

ኅዳር 12

አዲስ ባለሙያ መጣች። ቀጭን፣ መነጽራም። ምን ብትነግራት “ድገሙት” ነው መልሷ። የፓምፑ ሰውዬ ምሳ ሳይደርስ “ድገሙት” ብሎ ስም አወጣላት።

አለቃን ጠየቀችው። ቫይረስ ቢኖር እንደምትይዙት በምን ታውቃላችሁ?

“ኖሮ አያውቅማ” አለ።

እሷም ሰው የማይነካ ቫይረስ ቆጥራ ውሃው ውስጥ ልትለቅ ነው። ስንቱ ኩባያው ውስጥ እንደሚመለስ ልታይ። ዶሮ ቆጥሮ ለቆ ማታ ቆጥሮ እንደማስገባት።

ኅዳር 17

አንድም አልተመለሰም።

አለቃ ውሃችን ቫይረስ አያኖርም ማለት ነው አለ። ድገሙት አለች። ተደገመ። አንድም።

ኅዳር 20

ዛሬ ጠርሙስ ሳጥብ አጠገቤ ቆመች። ሳሙና። በረኪና። በረኪናውን የሚያረክሰው ጨው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። እስከዚህ ራሷን እየነቀነቀች አየች። እኔም እንደ ወትሮዬ በረኪናውን መልሼ አነሳሁ፣ ትንሽ ጨምሬ አንቀጫቀጭኩ፣ ደፋሁ፣ ከደንኩ።

“እማማ፣ ይሄ የመጨረሻው ምንድን ነው?”

“ለማንኛውም ብዬ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያደርጉት?”

ከተቀጠርኩ ጀምሮ አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ጠብታ ይበቃል፤ የገባውን ሁሉ ይገድላል፣ ሬሳውንም ያፈራርሰዋል። ከሺህ ሊትር ስንለቅም ውለን እዚህች ጠርሙስ ውስጥ እንጨርሰዋለን።

ስለዚህ ያ ሁሉ ንጹህ ውጤት... የውሃው አልነበረም። የጠርሙሴ ነበር።

ወሬው ፓምፕ ቤት ደረሰ። “እትዬ፣ ሌባው ገባ አልገባ ሳይታወቅ ዱካውን ወልውለሽ ጠበቅሽን” አለኝ። ልክ ነው። ምን እላለሁ?

ለልጄ ደወልኩ። ምን ልበላት? ቆሻሻ ነው? አላውቅም። ንጹህ ነው? እሱንም አላውቅም።

“አፍልተሽ ጠጪ” አልኳት።

“ምነው፣ የተገኘ ነገር አለ?”

“አልተገኘም። ለካ ስንፈልግ አልነበረም።”

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። እስካሁን የጠጣሁትስ አለች...

ኅዳር 21

ድገሙት የበረኪናውን ጀሪካን ቁም ሳጥን ከተተችና ቁልፉን ኪሷ አደረገች። ከረሜላ ከልጅ እንደሚደበቀው። እጄ የሚያደርገው አጣ።

ኅዳር 26

የለቀቀቻቸው ተመለሱ። ግማሽ ያህሉ። ግማሹ ጠፍቶ ምኑ ያስደስታል ብላት፣ በዚህ ሥራ ግማሽ ማለት ሠርግ ነው አለች።

ሌላም ተገኘ። ያልለቀቅነው። የአንጀት ቫይረስ ነው፣ በጣም ትንሽ፣ ከታከመው ውሃ ውስጥ። አዋቂን ሆድ ያሳምማል፣ ለአራስ ልጅ ግን አደገኛ ነው አለች። ስለ ልጄ አታውቅም ነበር።

ቫይረሱን የሚቆጥረው መሣሪያ ሕያውና ሙት አይለይም አሉ። የሞተውንም አለ ብሎ ይቆጥራል። ሕያው መሆኑ የሚታወቀው በሕዋስ ላይ ዘርቶ ይበቅል እንደሁ ሲጠበቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። በመካከሉ ምን ይደረጋል? አለቃ ይጠበቅ አለ፣ ሕዝብ በሬሳ አይሸበርም። ድገሙት ግን ደግማ ያየችውን ውጤትና ለማመሳከሪያ በዚያው ዕቃ አልፎ ምንም ያልታየበትን ባዶ ውሃ ፊቱ አስቀመጠች። ከኛ ዕቃ አይደለም፣ ከውሃው ነው አለችው። አለቃ ምን እንደታየው እንጃ፣ ወደኔ ዞረ።

“እትዬ፣ የእርስዎ ልጅ አይደለች ልትወልድ የደረሰችው?”

“አዎ።”

“አፍልተሽ ጠጪ ብለዋታል?”

“ብያታለሁ።”

“የሌላውስ ሰው ልጅ ምን አጠፋ?” አለና ስልኩን አነሳ። ዛሬ ማር ነው ሲል አልሰማሁትም።

ታኅሣሥ 2

ድምፅ ማጉያ ያላት መኪና ሰፈሩን ስትዞር ዋለች። ውሃ አፍሉ። ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ “የናንተ መሥሪያ ቤት ነው አሉ” አለችኝ። ነው አልኳት። ሌላ ነገር ትጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ ትንሽ ቆማ ገባች።

የፓምፑ ሰውዬ የክሎሪን መጨመሪያውን ፈታው። አፉ በኖራ ግማሹ ተደፍኗል፤ ለካ ውሃው ክሎሪኑን በግማሽ ነበር የሚያገኘው። ፍቆ አወጣና “ጥርስ ነው የነቀልኩት” እያለ ለሁሉም አሳየ።

ታኅሣሥ 6

ልጄ ወለደች። ሴት። የኛን ቤት አፍንጫ ይዛ መጥታለች፣ ምን ይደረጋል።

ታኅሣሥ 8

ሕፃኗን አተኮሳት። ልጄ አላለቀሰችም፣ እያየችኝ ብቻ... ያ ውሃ ነው ወይ አላለችም። እኔም አላልኩም። ተሸክመናት ሐኪም ዘንድ ሮጥን። መንገዱን አላስታውሰውም።

ሐኪሙ ከላይዋ ሦስት ብርድ ልብስ አወለቀ። ጠበቀ። ለካ። አሁንም ጠበቀ፣ ለካ። ወርዷል። “ማነው እንዲህ የደራረበላት?” አለ።

እኔ ነኝ።

ልጄ መሳቅ ጀመረች፣ የወሊድ ቁስሏ እስኪያማት። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ቆየሁ። ጥሩ ኮሪደር ነው፣ ንጹህ።

ታኅሣሥ 14

በሕዋሱ ላይ የዘራነው አልበቀለም። ከጥገናው በኋላ በቀዳነው ሺህ ሊትር ውስጥ ደግሞ የሙት ዱካ እንኳ አልታየም፤ የለቀቅናቸው ግን ተመልሰዋል። አለቃ “ንጹህ ነው ማለት ነው?” ቢላት፣ ድገሙት “ባየነው ውስጥ ሕያው አላገኘንም” አለችው። እሱ ሊጽፍ ብዕር ከፍቶ ነበር፣ ከደነው፣ መልሶ ከፈተና እንዳለችው ጻፈ። የአፍሉ ትእዛዝ ተነሳ።

ከሥራ ስወጣ ልጄ ዘንድ አለፍኩ። ትእዛዙ መነሳቱን ከባለ ድምፅ ማጉያዋ መኪና ሰምታለች። ሕፃኗን አጥብታ ጠምቷታል፣ ብርጭቆ ይዛ ቧንቧው ጋ ቆማለች።

“እማዬ፣ ልጠጣ?”

አንዲት ቃል ምላሴ ላይ መጣች። ዋጥኳት።

“ካየነው ውስጥ ሕያው አልተገኘም። ያላየነውን አላውቅም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እየጠጣሁ ነው። አንቺ እንዳሰኘሽ።”

“ሰው እንዲህ ተብሎ ይጽናናል?”

“አይጽናናም።”

ብርጭቆውን ሞላች። እስከ ግማሽ ጠጣች፣ ቀሪውን ለኔ ሰጠችኝ።

ጠጣሁ።