ግድግዳ ላይ የተበየደው የይመኙሽ ብረት

ውድ ኢዮስያስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላል ብለው ስላስተማሩኝ ብቻ ነው። አባቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም «ለተጣላኸውም ቢሆን ሰላምታ አይቀርም» ይል ስለነበር ሰላምታዬ ይድረስህ። ከዚህ በታች ያለው ግን ሰላምታ አይደለም።

መልእክትህ ደርሶኛል። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብለህ ከርመህ «ሰብልዬ» ብለህ መጀመርህ አስቆኛል። በስልክ ልመልስልህ አልፈለግሁም። ሰው ሲያናግርህ አንተ የምትጠብቀው የራስህ ተራ እስኪደርስ ነውና። ወረቀት አይቋረጥም። ደግሞም የተለያየንበትን ነገር ባሕር ዳር ተቀምጠህ እንደምትተርከው፣ በወሬህም ውስጥ እኔ «ለአሮጌ ብረት ስትል እጮኛዋን የተወች እብድ» እንደሆንኩ ሰምቻለሁ። እንግዲህ እብዷ ነገሩ እንዴት እንደነበረ ታጫውትህ።

አብረን በቆየንባቸው ዓመታት የብስክሌት መጠገኛ ለምን እንደምሰበስብ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። አባቴ ሲያርፍ ከመጻሕፍቱ ሌላ የተወልን ያቺን ጥቁር ብስክሌቱን ነበር። ጥምጣሙን እንደጠመጠመ፣ መቋሚያውን ከኋላ አስሮ ቁልቁለቱን ሲወርድ ልጆች እየተከተሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ካረፈ በኋላ ላሠራት ብወስዳት የከተማው ጎሚስታ ሁሉ የባጃጅና የመኪና ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የብሎኖቿ ልክ ከዛሬ ቁልፍ ጋር አይገጥምም። አንዱማ በመዶሻ ሊፈታት ሲነሳ ነጥቄው ወጣሁ። በመጨረሻ ሰው ጠቁሞኝ ወለቃ፣ ከሸክላ ሻጮቹ ወረድ ብሎ፣ አያ ዋኘው የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ደረስኩ። ከሳጥናቸው አንዲት ጠርዟ የተበላ ቁልፍ አውጥተው ሲያስገቡባት ብሎኑ ያለ ትግል ዞረ።

«እንዲህ ያለ ቁልፍ ሌላ የት ይገኛል?» አልኳቸው።

«ቁራሌ ያልወሰደው ካለ ነዋ፣ ልጄ። ጠጋኙ ሲሞት ልጆቹ ዕቃውን በሚዛን ይሰጡታል። ይቀልጣል፤ አለቀ።»

ከዚያ ወዲያ ከሆስፒታል ሥራዬ ስወጣ፣ ቅዳሜ ገበያ የቁርጥራጭ ብረት ክምር እያገላበጥኩ መዋል ጀመርኩ። የእንጨት እጀታ ያለው ጎማ መንፊያ፣ ካላማዳሪያ በእሳት የሚለጥፍ መጭመቂያ፣ አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የቀጠነ የዘይት ዕቃ፣ ስሙን እንኳ የሚያውቅ ሰው የታጣለት ብዙ ቁልፍ። እያጠብኩ፣ ዘይት እየቀባሁ፣ ከማን እንዳገኘሁት በጨርቅ ላይ እየጻፍኩ በሳጥን አስቀመጥኳቸው። አንተ ያን ጊዜ ምን ትል እንደነበር ረስተኸው ከሆነ እኔ አልረሳሁትም። ጓደኞችህ ፊት እጄን አንስተህ አሸተትክና «ሴት ልጅ ወርቅ ትሰብስብ እንጂ ዝገት ትሰብስብ?» አልክ። እነሱም ሳቁልህ። እኔም ሳቅሁ፤ እወድህ ነበር።

ከዚያ እዚህ ጎንደር ላውንጅ አብሮህ ሊከፍት ያ ባለሀብት ወዳጅህ ከአዲስ አበባ መጥቶ እናቴ ቤት ምሳ በላ። እጁን ሊታጠብ ሲያልፍ የክፍሌ በር ተከፍቶ ሳጥኖቹን አየና «ይሄ እኮ ቅርስ ነው!» ብሎ ጮኸ። አንተም ወዲያው «አዎ፣ እኛ ብዙ ጊዜ ደክመንበታል» አልክ። «እኛ!» አንተ፣ ኢዮስያስ፣ ሌላ ሰው እስኪወድልህ ድረስ ምን መውደድ እንዳለብህ የማታውቅ ሰው ነህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቅርስ የማታወራበት ምሳ የለም፤ አንዷን ቁልፍ ግን በእጅህ አልያዝክም፤ ዘይቱ ሸሚዝህን ያበላሸዋላ።

አያ ዋኘው ሲያርፉ ቤታቸውን የያዘችው ልጃቸው ይመኙሽ ናት። ያባቷን ቱታ እጅጌውን አጥፋ ለብሳ፣ በዚያው ዳስ ሥራውን ቀጠለች። ከዕቃዎቿ ሁሉ የበለጠባት ቸርኬ ማቅኛው ነበር፤ ታስታውሰዋለህ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች ያሉት ብረት። የተጣመመውን ቸርኬ በመሃሉ ሰቅላ ታሽከረክረዋለች፣ የሚወላገድበትን ታያለች፣ ያንኑ ጎን እያጠበቀች ታቃናዋለች። ጎንደር ብስክሌት እንደ ባሕር ዳር አይበዛም፤ ዳገት ነው። ነገር ግን የዊልቸር ጎማም ያው የብስክሌት ቸርኬ ነው። ከሆስፒታላችን ዊልቸር ይዘው የሚወጡ ሰዎች ጎማቸው ሲጣመም የምልካቸው ወደ እሷ ነበር።

ያን ብረት አውሺኝ፣ ብረታ ብረት ቤት ወስጄ አምሳያውን ላሠራና አንዱን ላስቀምጥ አልኳት። «ውሰጂው፣ እቴ፤ ከጥምቀት በፊት ብቻ መልሺልኝ» አለችኝ። ሠራተኛው ከገና በኋላ አምጪው ስላለኝ ክፍሌ ውስጥ አስቀመጥኩት። በመሃል ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተጠራሁ። ከመሄዴ በፊት እጅህን ይዤ ወደ ክፍሉ አስገብቼ አሳየሁህ። «ሌላውን እንዳሻህ እየው፤ ይህን ግን አትንካው፤ የሰው ነው፤ ትሠራበታለች» አልኩህ። «እንዴ፣ ሰብልዬ፣ ልጅ ነኝ?» አልከኝ። ይህን በደንብ አስታውስ። ሳያውቅ ነው እንዳልል የከለከለኝ ይሄ ነው።

የተመለስኩት በከተራ ዕለት ነው። ክፍሌን ስከፍት ባዶ ወለል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ኢዮስያስ ወሰደው፤ ለሰርጋችሁ ማሳመሪያ ነው አለኝ። እጮኛሽ አይደል? የክፍልሽን ቁልፍ ሰጠሁት» አለችኝ። ደወልኩልህ። አላነሳህም። ደግሜ ብደውል «ሰርፕራይዝ አለሽ» የሚል መልእክት ላክህልኝ። ይመኙሽ ደግሞ በበኩሏ ትደውላለች። እንኳየሁ የምትባል ቀሚስ ጠላፊ፣ ከልጅነቷ እግሮቿ የማይታዘዙላት፣ ዊልቸሯ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቸርኬው ተጣሞባት ነበር። ይመኙሽ ጎማውን ፈታ፣ ብረቱን እየጠበቀች ነው። እንኳየሁ ታቦት ሳትሸኝ የቀረችበት ጥምቀት አልነበረም። ያን ዓመት ግን ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ እየዘመረ ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ እሷ ደጃፏ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ይመኙሽ ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም፤ «ምነው፣ እቴ፣ ጠፋሽብኝ?» ብቻ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በጥምቀት ማግስት፣ በቃና ዘገሊላ፣ ለላውንጅህ ምረቃ ምሳ ጠራኸኝ። ስገባ ግድግዳውን አየሁት። ዕቃዎቼ ሁሉ እዚያ ነበሩ። በወርቅማ ቀለም ተነክረው፣ እርስ በርሳቸው ተበይደው። ቁልፎቹ ለግድግዳው ልክ እንዲመጡ እጀታቸው ተቆርጧል፤ የመንፊያው ጎን ተበስቶ አምፖል ወጥቶበታል። መሃል ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ የይመኙሽ ቸርኬ ማቅኛ፣ በሁለት እግሮቹ መካከል የፕላስቲክ አበባ ታስሮለት። ከሥሩም «ከአያቴ የወረስኩት» የሚል ጽሑፍ። አያትህ! ብስክሌት ቀርቶ በቅሎ ላይ ሲወጡ በግራ በቀኝ ሰው ይደግፋቸው እንደነበር እናትህ ራሳቸው ነግረውኛል።

«ኢዮስያስ፣ ይህ የይመኙሽ ነው» አልኩህ።

«ዛሬ አይሆንም፣ ሰብልዬ፤ እንግዶች አሉ።»

«እንኳየሁ በእሱ የተነሳ ከቤት አልወጣችም።»

«እንኳየሁ ደግሞ ማን ናት?»

ማን እንደሆነች ነገርኩህ። ፊትህ አበራ። ነገሩ የገባህ መስሎኝ ነበር። «እንዲያውም ሸጋ ሐሳብ መጣልኝ» አልክ፤ «አዲስ ዊልቸር እንሰጣታለን። እዚሁ አምጥተን፣ ፎቶ አንሺ ጠርተን።»

ወጥቼ ለይመኙሽ ደወልኩላት።

ባጃጅ ይዛ፣ በቱታዋ፣ ሰጌቶ መጋዟን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። በር ላይ ጥበቃው ገብረ ሚካኤል «ወዴት ነሽ?» አላት። «ዕቃዬን ልወስድ» አለችው። እኔ ከኋላዋ ስላለሁ አሳለፋት። ግድግዳው ፊት ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በፌዝ ሳይሆን ከልቧ፣ «ምነው፣ ያረጀ መስሏቸው ነው የቀቡት?» አለችኝ። ወንበር ስባ ወጣችና መቁረጥ ጀመረች።

ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ። ምሳው ቆመ። አንተ ከባለሀብቱ ጠረጴዛ ተነስተህ እየሮጥክ መጣህ፤ እኔም አሁን አንዱን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣ፣ ብትሳደብ፣ ብትገፋን እንኳ ሰው ነው እል ነበር። ብታፍር ደግሞ ምናልባት ዛሬም ቀለበትህ ጣቴ ላይ ይኖር ነበር። አንተ ግን ፊታችን ስትደርስ ወደ እንግዶቹ ዞረህ ፈገግ አልክና እጅህን ዘረጋህ።

«ክቡራን እንግዶቻችን! ይህ የዛሬው ዝግጅታችን አካል ነው። የጥንቱ ሙያ በዘመናችን ዓይን!»

አጨበጨቡ። ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ።

ይመኙሽ መጋዙን አቆመች። «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

«ትርኢት ነው ብሏቸው ነው።»

«እንግዲያው ሸጋ። አንዱ ይምጣና ጫፉን ይያዝልኝ፤ ሲወድቅ እግሬን እንዳይሰብረኝ።»

ከእንግዶቹ አንድም የተነሳ የለም፤ መቅረጽ ላይ ናቸው። ገብረ ሚካኤል ግን ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መጣና ብረቱን ከሥር ደገፈላት። ጥርስህን ነክሰህ «አንተ፣ ወደ በርህ!» አልከው። እሱም እጁን ሳያነሳ «ጌታዬ፣ ትርኢት ነው አላሉም?» አለህ።

እንግዶችህ በሳቅ ፈነዱ። አንተም ሳቅህ። ያን ሳቅህን እስክሞት አልረሳውም። የሰረቅኸው በፊትህ እየተቆረጠ ሲወሰድብህ፣ ሰው እያየህ ስለሆነ ብቻ ሳቅህ። ያን ጊዜ አልተናደድኩብህም፤ ለመናደድ እንኳ ሰውየው ከቁም ነገር መቆጠር አለበት። ናቅሁህ። እንደ አሮጌ ነጠላ ከላዬ ላይ ወልቀህ ስትወድቅ ተሰማኝ።

ብረቱን ለሁለት ተሸክመን ወጣን። መንገዱ በታቦት አጃቢ ተሞልቶ ባጃጅ አጣን። በዘፈኑና በሆታው መሃል ይመኙሽ በአንድ ጫፍ እኔ በአንድ ጫፍ ይዘን ስንሄድ እንባዬ መጣ። አላቆምኩትም። ያለቀስኩት ለብረቱ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት እናቴ ቤት ሲገባ ቆሜ የተቀበልኩት፣ ለአባቴ ተዝካር አጠገቤ ያስቀመጥኩት ሰው ይህ መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ። ይመኙሽ አየችኝና ከባዱን ጫፍ ወደ ራሷ አዞረችው።

ቀለሙን በነጭ ጋዝ ስንፍቅ ከረምን። ብየዳው አንዱን እግር አጣሞት ስለነበር ብረታ ብረት ቤት ወስደን አስቃናነው። የእንኳየሁ ጎማ ተሠርቶላት ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ራሷ የጠለፈችውን ቀሚስ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። አንተ የላክሃቸው ሽማግሌዎች ሲመጡ እናቴ በወግ ተቀበለቻቸው፤ ቀለበቱን በእነሱው እጅ መለስኩልህ። «በብረት?» አሉኝ አንደኛው። «አይደለም፣ አባቴ፤ በጭብጨባ ነው» አልኳቸው። አልገባቸውም፤ አንተም አልገባህም። ግድግዳህ ላይ የቀሩትን አልጠየቅሁህም። እጀታ የሌለው ቁልፍ ምን ይፈታል? የገደልካቸውን አንተው ቅበራቸው።

እንግዲህ ወደ መልእክትህ። ባሕር ዳር ሁለተኛ ላውንጅ ልትከፍት ነው። ከዚያ ወዲህ እንደገና የሰበሰብኳቸውን ዕቃዎች እንድልክልህ ትፈልጋለህ። ከዚያም እንዲህ ብለሃል፤ «ያቺን ሴትዮም ይዘሻት ነይ። ቪዲዮው በጣም ተወዶ ነበር። ለመክፈቻው እንድትቆርጥልን ብረቱን አዘጋጅተን እንጠብቃታለን።»

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ጥያቄው የእሷ ነውና ወለቃ ወርጄ አነበብኩላት። እንኳየሁም አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ይመኙሽ አንድ ቸርኬ ሰቅላ እያሽከረከረች፣ አንዱን ዓይኗን ጨፍና ታያለች።

«ምን ልቆርጥለት ነው?» አለች።

«ምንም። የምትቆርጪ መስለሽ እንድትታዪ ነው።»

ቸርኬውን በእጇ አቆመች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። የታማሚ ወሬ እንደሰማች ሁሉ አሳሰባት። «ምነው፣ ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ?» አለችኝ።

እስካሁንም እያሰብኩበት ነው። ይኸው የእሷ መልስ ነው፤ የእኔም ከዚህ አይሻልም። ከሳጥኖቼ አንዲት ብሎን አልልክልህም።

አሁን ወደ ኮሶዬ ልወጣ ነው። እዚያ አንድ አሮጌ ጠጋኝ አርፈው ልጆቻቸው ዕቃቸውን ለቁራሌ ሊሰጡ እንደሆነ ሰምተናል። ይመኙሽ መናኸሪያ ቀድማ ደርሳ ቦታ ይዛልኛለች፤ መኪናው ሊሞላ ነው እያለች ትደውላለች። የሟቹ መበለት ዕቃውን በደንብ ለሚይዝ እንጂ ለማንም አልሰጥም ብለዋል አሉ፤ ቀድመን ደርሰን ለቅሶውን መድረስ አለብን፤ ብረቱ ከዚያ በኋላ ነው።

መልስ አትጻፍልኝ። አድራሻዬን ታውቀዋለህ፤ እርሳው።

ሰብለ ወንጌል ኪዳነ ማርያም
ጎንደር