በሻማ ብቻ የሚበራው ምግብ ቤት

ቅዳሜ፣ ሜይ 17፣ 2014፤ ፍሎረንስ

ተመስገን፣ የዛሬው እራት በሰላም አለፈ! የጋብቻችንን ሃያኛ ዓመት የምናከብርበትን ሬስቶራንት ለመምረጥ ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ዋልኩ። ባለቤቴ ታደሰ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሚጥሚጣውን በመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ ነው የመጣው። አምና በልጃችን ምርቃት፣ እዚያው ቤታችን አቅራቢያ አሌክሳንድርያ እራት ስንበላ፣ አውጥቶ ስቴኩ ላይ ሲነሰንስ አስተናጋጁ አፍጥጦ ቀረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወንዙ ዳር ያለው ሬስቶራንት ያምራል፤ መብራቱ ግን ቀን ያስመስለዋል። አደባባዩ ላይ ያለው ደግሞ ይባስ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሳህን ውስጥ ያያል። በመጨረሻ ከድልድዩ ማዶ በሻማ ብቻ የሚበራ ምድር ቤት አገኘሁና ሪዘርቭ አደረግኩ።

ታደሰ እንደገባ ዙሪያውን አየና እጄን ያዘኝ።

«አንቺ፣ ለካ እንዲህ ሮማንቲክ ነሽ! ሃያ ዓመት ሙሉ የት ደብቀሽው ነው?»

ፈገግ ብዬ ሜኑውን ገለጥኩ።

ምግቡ ሲመጣ ብልቃጡን አወጣ። ተመስገን፣ ማንም አላየውም። እኔም ፓስታዬን ቀመስኩት። አልጫ ነው። ግራ ቀኙን ቃኘሁና ሳህኔን ቀስ አድርጌ ወደ እሱ ገፋሁት።