የልጅቷ ሹራብ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ለማንም የማልናገረው... የአዲሱን ሸሚዜን የዋጋ ወረቀት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፍርድ ቤት ገባሁ! በየሳምንቱ መጽሔት ላይ የሰው አለባበስ የምተች ሴትዮ። አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ «እትዬ፣ ይቅርታ...» ብላ በጠሰችልኝ። ከእፍረቴ ብዛት ሳቅ አመለጠኝ።

ከሕዝብ መሀል ለፈራጅነት የተመረጥን ሰባት ነን። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። እኔ አምስት፣ ተማሪዋ ስድስት። የሰማነውን ውጪ ማውራት ክልክል ነው አሉ። እኔን! በወሬ የምተዳደረውን!

ማ ጊቴ የሚባል ሰው፣ በመኪና ማቆሚያ ተጣልቶ፣ የአፓርታማውን ሽማግሌ ጥበቃ ከደረጃ ገፍትሯል ተብሎ ተከሷል። ሽማግሌው ከወደቁ ዓመት አለፋቸው፤ እስካሁን አልጋ ላይ ናቸው፣ አይናገሩም። «ራሳቸው አዳልጧቸው ነው» ይላል ሰውየው። ያየችው አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ልጅቷ፣ ቦሚ፣ መሰከረች። ከሌላ ክፍል፣ በስክሪን። ግራጫ ሹራብ፣ እጅጌው ጣቶቿን የዋጠ። አላለቀሰችም። ሽማግሌው እንዴት እንደወደቁ ስትጠየቅ እንዲያውም ሳቀች። ይሄ ያስቃል?

የተከሳሹ ጠበቃ፣ «ለፖሊስ የሰውየው ነጠላ ጫማ ሰማያዊ ነው አልሽ። ዛሬ አረንጓዴ። የቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ መግፋቱን በምን አወቅሽ?»

«እጁን አየሁት። አባባ ‹ተው ልጄ› ሲሉት ሰማሁ።»

አስጠንተዋት ይሆን? ግን ደግሞ... ኧረ እኔ እንጃ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ስንመክር ዋልን። አራታችን ልጅቷን አላመንናትም፣ ሦስቱ አመኗት። ሁለት ቁጥር፣ ጡረተኛው አስተማሪ፣ ጠረጴዛ መቱ። «አርባ ዓመት ልጅ አስተምሬያለሁ! በቀለም የሳተ በሁሉም ይስታል!» እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ስድስት ቁጥር፣ «እሺ አባባ፣ ትናንት ልጅቷ የለበሰችው ሹራብ ምን ቀለም ነበር?»

«ነጭ ነዋ።»

«ኧረ ቢጫ ነው!» አልኩ። «ሃያ ዓመት ስለ ልብስ ጽፌያለሁ፣ እምላለሁ!» ሦስት ሰዎች ደገፉኝ።

«እትዬ፣ የዋጋ ወረቀቱ ላይ አንብበውት ነው?» አለች ስድስት ቁጥር። ሳቁብኝ። ሳንስማማ ለነገ ጠዋት ተቀጠርን።

ቤት እንደገባሁ ይህን ደብተር ገለጥኩ። የማክሰኞውን። በገዛ እጄ ጽሑፍ... ግራጫ።

አንድ ቀን እኮ ነው ያለፈው! ልጅቷ ያላወቀችውን «አላውቅም» አለች። እኔ ማልኩ። ሳቋስ? እኔ ሰኞ የሳቅኩት ደስ ብሎኝ ነበር?

ነገ ገና ሳልቀመጥ እነግራቸዋለሁ። ቢጫ ያልኩት ከራሴ ፈጥሬ ነው፣ ልጅቷን አምኛታለሁ። ሁለት ቁጥር ምን ይሉኝ ይሆን? የሚሉኝን ሁሉ ትኩስ ትኩሱን እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ሳያድር። ካደረማ... ምን እንደሚሆን አየሁት።