ከአንገት በታች ስላለው ነገር ለሚጨነቁት የምርመራ ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳው ፖሊስ የምርመራ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ከአንገት በታች ያለው አካል እንደሚያስቀይምዎ ስለሰማሁ አንገቴን ብቻ ደፍቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቻይናን አቋርጠው በባቡር እኛ ዉሁ ከተማ ድረስ የመጡት ሁለቱ መርማሪዎችዎስ በሰላም ገቡ? ይህን ሁሉ የደከሙት ልጄን ዌይ ላንሹን ለመመርመር ነው፤ ጥፋቷም ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት ልብ ወለድ በኢንተርኔት መጻፏ ነው። እኔ እናቷ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ስሆን ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ስለ ጥንቃቄዎ። ልጄ የምትጽፍበት ድረ ገጽ ከአንገት በታች ያለ ነገር እንዳይገለጽ ስለሚከለክል በልብ ወለዷ ያሉት ሰዎች ሲተቃቀፉ እንኳ ደረት የላቸውም። አንዴ ተሳስታ የአንደኛውን እጅ በሌላኛው ወገብ ላይ ብታሳርፍ ድረ ገጹ ማንም እንዳያነበው ምዕራፉን ቆለፈባት፤ እርስዎ በብልግና ማስረጃነት የያዙትም ያንኑ ወገብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳዋልድ ከአንገት በላይ ብቻ ሆኖ የተወለደ ሰው አልገጠመኝም፤ በወረዳዎ ካለ መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል።

፪. ስለ ንባብ ፍቅራችሁ። መርማሪዎችዎ የጻፈችውን ፊት ለፊቷ ጮክ ብለው አነበቡላት። አንደኛው «አንቺ አላገባሽም አይደል? ታዲያ ይሄን ማን አሳየሽ?» ሲላት ሌላኛው ሳቀ። ልጄ ቤት ገብታ እጇን ደጋግማ ታጠበች። ይህን በጨዋ ቃል ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ሰዎቹን ተጸይፌያቸዋለሁ፣ የላካቸውንም ጭምር።

፫. ስለ ፍትሕዎ። አንድ ጀግና ሰባት ሚስት የሚሰበስብበትን ልብ ወለድ የሚጽፉ ወንዶች በሰላም ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ ባሏ መንጋጋዋን የሰበረባትን ነፍሰ ጡር ይዤ ጣቢያ ስሄድ የሙያ ባልደረቦችዎ «የቤት ጉዳይ ነው፣ ሂዱና ታረቁ» ብለው መልሰውናል። ለካ ፖሊስ ከወንበሩ የሚነሳው ሰው ሲደበደብ ሳይሆን ሰው ሲተቃቀፍ ኖሯል።

፬. ከሁሉ በላይ ስለ ውለታዎ። በብዕር ስም ብቻ የሚተዋወቁ ሴቶች «እኔንም ጠርተውኛል»፣ «ለኔም አንብበውልኛል» እያሉ በየገጻቸው መጻፍ ጀመሩ። ጽሑፋቸው ከኢንተርኔት ሲሰረዝ ሌሎቹ አስቀድመው በፎቶ ይዘውት ስለነበር መልሰው ለጠፉት። ከእነሱ አንዷ፣ ልጄን በዓይኗ አይታት የማታውቅ ጠበቃ፣ በነጻ ልትቆምላት መጥታ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ኑድል እየበላች ነው። እርስዎ ባይኖሩ መቼ ይገናኙ ነበር?

ሰኞ እንድትፈርም የላኩላት የጸጸት ቃል «አንባቢዎቼን በክያለሁ» ይላል። ካልፈረመች እንደምትታሰር ነግረዋታል። ላንሹ አትፈርምም፣ እኔም ፈርሚ አልላትም። ልብሷን አዘጋጅቼላታለሁ።

ለውድ ጊዜዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለባለቤትዎና ለሴቶች ልጆችዎ፣ በተለይ ስልካቸውን ከእርስዎ ለሚደብቁት፣ የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ እላለሁ።

ቺው ዩፒንግ
የተጠርጣሪዋ እናት

ማስታወሻ፦ ያ የሳቀው መርማሪ ልጄን በር ድረስ ሲሸኛት ግራ ቀኙን አይቶ «ሁለቱ ወንዶች ልጆች ግን መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ እንዴ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠይቋታል። የመጨረሻው ምዕራፍ ገና አልተጻፈም፤ የምትጽፍበት ኮምፒውተር እናንተ ጋ ነው።