ሳይነፋ የለካሁት ጎማ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ጉለሌ

ከሁሉ በፊት ልመን፤ ጥፋቱ የጎሚስታው ሳይሆን የእኔ ነው።

ሰኞ እህቴን እትዬ ዘነበችን ከሱሉልታ አምጥቼ ለዓይን ሐኪም ማቅረብ አለብኝ። ቀጠሮውን ከክረምት በፊት ጀምረን ስንጠብቅ ቆይተናል። ልጄ የተወልኝ የስፖርት ሞተር ሳይክል የእንጦጦን ቁልቁለት ስወርድ ከኋላ እየተንሸራተተ ስላስፈራኝ፣ ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ ገዛሁ። ጎማው የሚገባበትን ክፍተትም ጎማውንም በማስመሪያ ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ። ይበቃል አልኩ። ጎሚስታው ከበደ፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ገጥሞ አየር ሲሞላው ጎማው ወፍሮ ሰንሰለቱን ነካ።

«መምህር፣ ሳይነፋ ነው እንዴ የለኩት?» አለኝ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። «እኔ ብሆን ዜሮ ይሰጡኝ አልነበር?»

«አሮጌውን መልሰህ ግጠመው» አልኩት።

«አልፈልገውም ሲሉኝ ለበርባሶ ሠሪው ሰጠሁት።»

ሮጥ ብዬ ሄድኩ። ቆራርጦታል፤ የአንዱ እግር ጫማ አልቋል።

የሱሉልታው አውቶቡስም ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይቀራል። ለእትዬ በየጠዋቱ ከሱሉልታ በምትመጣው ወተት ሻጭ እጅ ወረቀት ላክሁ፦ «ሞተሩ ሰኞ አይመጣም። ወደ ከተማ የሚወርድ መኪና በሰፈርሽ ካለ አስጠይቂ። ይህን የሚያነብልሽ ሰው መልሱን እዚሁ ጀርባው ላይ ጽፎ በነገው ወተት ይላክልኝ።»